ዳቦው ሳይቀዘቅዝ

ከኦሽ እስከ አንዲጃን ያለው መንገድ ትኩስ ዳቦ ሳይቀዘቅዝ የሚደርስበት መንገድ ነው። ስለ ኪሎ ሜትር ብዙ አላውቅም። ጋጋሪ ነኝ፤ የማውቀው የዳቦ ሙቀት ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ሆጃር ከአንዲጃን ተድረው ኦሽ የገቡ ሴት ናቸው። በሙሽርነታቸው ዘመን እናታቸው አንዲጃን ላይ ሾርባ ሠርተው፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጡት ነበር። ኦሽ ደርሶ ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ፊት ይገርፋል። እትዬ ሆጃር ይህን ሲያወሩ ዛሬም እጃቸውን ወደ ፊታቸው ያነሣሉ።

አሁን ሁለቱ ከተሞች በሁለት አገር ተከፍለው በድንበሩ ላይ የብረት በር ቆሟል። በሩ የሚከፈተው ለቅርብ ዘመድ ሠርግ ወይም ለቅርብ ዘመድ ቀብር ነው፤ ለዚያውም ቴሌግራም ለያዘ። ሌላው ሰው አንዲጃን መሄድ ቢያምረው ጀርባውን ለአንዲጃን ይሰጣል። በረዶ የማይለቀውን ተራራ ተሻግሮ ቢሽኬክ ይገባል፣ በካዛኮች አገር ዞሮ ታሽከንት ይደርሳል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ተራራ አልፎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። እኛ ከተማ መካከል ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጣ የጥጥ ማሳው የሚታይ አገር፣ በዚህ መንገድ ቀናት ይፈጃል። የያዝከው ዳቦ ድንጋይ ይሆናል።

ኦይዲን ያለችው በዚያ በኩል ነው።

የእትዬ ሆጃር የወንድም ልጅ ናት። እትዬ ባላቸው የሞተ ዓመት፣ በሩ ገና ሳይዘጋ፣ አክስቷን ልታጽናና መጣች። የወይኑ ሐረግ ሲያቆጠቁጥ መጥታ ቅጠሉ ሲረግፍ ሄደች። ያን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልትወስድ ስትመጣ ዓይኔን ከምድጃው አላነሣም ነበር። ዓይነ አፋር ነኝ። ስትሄድ ግን የነጠላ ጫማዋን ድምፅ እስከ በራቸው ድረስ እሸኘዋለሁ።

ዳቦ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት መሐሉ በማኅተም ይወጋል፤ ካልተወጋ ይነፋል። የእኔ ማኅተም ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ እንደ ፀሐይ ክብ። ለእሷ ግን ከዶሮ ላባ ግንድ ሌላ ሠራሁ፤ ግማሽ ጨረቃ። በቀን ለአንድ ዳቦ ብቻ፣ ለእነሱ ቤት ዳቦ። አንድ ጠዋት ዳቦውን አገላብጣ አየችውና፦

«ባህሮም፣ ማኅተምህ ተሰበረ እንዴ? የእኛ ላይ ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚወጣው» አለችኝ።

ቀና አልኩ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ይስቃል። የምናገረውን ሌሊቱን ሁሉ ሳዘጋጅ ያደርኩ ሰው ነበርኩ።

«አዎ» አልኳት። «ተሰበረ።»

እትዬ ሆጃር ከአጥሩ ማዶ ሆነው «የተሰበረውስ ምላስህ ነው!» ብለው ጮኹ። ኦይዲን ዳቦውን በሻርፕዋ ሸፍና ሮጠች። እኔም ፊቴን ምድጃው አፍ ላይ አስጠጋሁ፤ የቀላው በእሳቱ ነው እንዲባልልኝ።

በሩ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ሲመጣ አባቷ መኪና ተከራይተው ሊወስዷት መጡ። በእኛ አገር ከቤት ርቆ የሚሄድ ሰው የአንድ ዳቦ ጫፍ ነክሶ ይሄዳል። የቀረው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ማንም አይነካውም። ሰውየው ተመልሶ እስኪጨርሰው ይጠብቀዋል። ኦይዲን በአክስቷ ቤት መንከስ ሲገባት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቃት ወደ እኔ መጣች። ከትሪው ላይ ግማሽ ጨረቃ ያለበትን ዳቦ አንሥታ ጫፉን ነከሰችና በእጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አይጥ እንዳያገኘው» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

መኪናው ከሄደ በኋላ የተነከሰው ቦታ በመዳፌ ላይ ገና እርጥብ ነበር።

* * *

እትዬ ሆጃር ብርድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያስገቡት በምላሳቸው ነው። ስለዚህ ከአንዲጃን የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መልሱንም የምጽፈው እኔ። የተማርኩት ጥቂት ቢሆንም ፊደል አልስትም። ደብዳቤ እንደ ሰው ረጅሙን መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ሲደርስ ጠርዙ ተልጦ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ነው። ኦይዲን የሚያነብላቸው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ታዲያ አንዳንድ ቃል ለአክስቷ አይመስልም ነበር።

«አክስቴ፣ የተሰቀለው ዳቦ ደህና ነው? እዚህ የጋጋሪዎቹ ማኅተም ሁሉ ሙሉ ነው። ዳቦው ግን አይጥመኝም።»

ይህን ሳነብ ድምፄ ይወርዳል።

«ጮክ በል እንጂ!» ይላሉ እትዬ። «ለእኔ የተጻፈ መስሎኝ።»

መልስ ስጽፍም እንደዚያው ነው። «ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ፣ ወይኑ ዘንድሮ ጣፍጧል ብለህ ጻፍ። ከዚያ የራስህን ጨምርበት።»

«ምን ልጨምር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ባሏ የሞተባት አሮጊት ነኝ። ጎረምሳ ለልጃገረድ የሚጽፈውን እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ብዙ አስቤ «ዳቦውን አይጥ አላገኘውም» ብዬ ጨመርኩ። እትዬ ያከልኩትን ሲሰሙ መርፌያቸውን አስቀምጠው ወደ ሰማይ አዩ።

የእኛ ሰዓት ከእነሱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጎህ ሲቀድ ምድጃዬን ስከፍት እሷ ገና ተኝታለች። የኖርኩት ሰዓት ወደ እሷ እየሄደ ነው እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ይደርሳታል፤ እኔ ግን አልደርስም።

ክረምትና በጋ እየተፈራረቁ እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር።

«አክስቴ፣ አባቴ የጋብቻዬን ነገር ከሰፈራችን ሰዎች ጋር ሊጨርስ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም ይላሉ፤ እኔ አላውቀውም። የጥጥ ለቀማው እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ ዳቦ ሊቆርሱ ነው። አባቴን ለመንኩት። እሱ ግን ‹እኅቴን ድሬ አጣኋት። ልጄን የቤቷ ጭስ በሚታየኝ ቦታ ነው የምድራት› ይላል። እኔም ምን ብዬ ልከራከረው? እጠብቀዋለሁ የምለው ሰው ጠብቂኝ ብሎኝ አያውቅም። ዳቦው እስካሁን ከተሰቀለ አውርዱት። ለወፍ ስጡት።»

ሽማግሌ ዳቦ ከቆረሰ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ መመለሻ የለውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለእትዬ አላነበብኩላቸውም። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ጨረስክ?» አሉኝ እትዬ።

«ጨረስኩ።»

«ዋሸህ። ጉሮሮህ አልጨረሰም።» ቀጥለውም «ወረቀትና እርሳስ አምጣ። ቴሌግራም ጻፍልኝ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«ሆጃር ሞታለች ብለህ።»

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ።

«እትዬ፣ አላህ ያርቅ! ምን ይላሉ?»

«ልጅቷ በሌላ በምን ትገባለች? እዚህ የሚዳር ዘመድ የላትም። ያለኋት እኔ ነኝ። እኔ ከሞትኩ በሩ ይከፈታል። ትመጣለች፣ ታየዋለህ፣ አፍ ካለህ ትናገራለህ። ከሌለህም ሞቼ እገላገልሃለሁ።»

«ጋሽ ሐምዳምስ? ወንድምዎ ምን ይሆናሉ?»

«እሱ አይመጣም። አንዴ ሐብሐብ ይዞልኝ መጥቶ በዚያ በር ሁለት ቀን አቁመው መለሱት። ሐብሐቡ እጁ ላይ በሰበሰ። ዳግመኛ እዚያ በር ብቆም እንዲህ ያርገኝ ብሎ ምሏል። ልጅቷን ከሚስቱ ጋር ይልካታል።»

«የእርስዎን ሞት በእጄ አልጽፍም።»

«ፍቅርህንም በእጅህ አልጻፍክም» አሉኝ። «ታዲያ ይህ እጅ ሊጥ ከማቡካት ሌላ ምን ይሠራል?»

አልጻፍኩም። ማን እንደጻፈላቸው ዛሬም አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። ያን ምሽት የተሰቀለውን ዳቦ አቧራ እፍ ብዬ አራገፍኩለት። ለወፍ አልሰጠሁትም።

* * *

በሦስተኛው ቀን፣ ሁለተኛውን ዙር ዳቦ ከምድጃ ሳወጣ፣ ከመንገዱ ጫፍ የለቅሶ ድምፅ መጣ።

የመጣው ድምፅ የሴት ብቻ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጥቁር ካባቸውን በሻሽ ታጥቀው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ «ወይ እኅቴ! ወይ ብቸኛዋ እኅቴ!» ይላሉ። ጋሽ ሐምዳም ነበሩ። ከኋላቸው ኦይዲን፣ ፊቷ በሻርፕ ተሸፍኖ። የሰፈሩ ሴቶች ከየበራቸው ወጡ። እትዬ ሆጃር ጠዋት ከእነሱ ጋር ሽንኩርት ሲመርጡ ስለነበር ማን እንደሞተ ግራ ገብቷቸው፣ ለማንኛውም ብለው አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

እትዬ ሆጃር ወይን ሥር ተቀምጠው ብርድ ልብስ ውስጥ ጥጥ እየከተቱ ነበር። የወንድማቸውን ድምፅ ሲሰሙ ተነሡ። ጥጥ ፀጉራቸው ላይ፣ ጥጥ ቅንድባቸው ላይ ተጣብቆ፣ ነጭ ሆነው በር ላይ ቆሙ።

ጋሽ ሐምዳም አዩአቸው። ምርኩዛቸው ወደቀ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሆጃር… አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ።»

«ቀብረውሽ አልነበረም?»

«ማን ይቀብረኛል? ጊዜ ያለው ሰው የለም። ተነሥ፣ ግባ፤ ዳቦ ወጥቷል።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ ሳቅ አምልጧት አፏን ያዘች። ጋሽ ሐምዳም ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ከልቅሶ ብዛት አብጦ ነበር።

«መንገዱን ሁሉ ቀበርኩሽ» አሉ። «አፈር ስመልስብሽ መጣሁ። እናታችን ሾርባ የምትልክበትን ድስት እያሰብኩ መጣሁ። እንዴት ታደርጊኛለሽ?»

«ሞታለች ተብሎ በሕይወት መገናኘት ይሻላል፣ ወይስ አለች እየተባለ ሳንገናኝ መሞት?» አሉ እትዬ። «አሥር ጊዜ ልሙት፣ ካመጣህ!»

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ እንዲህ አሉ፦

«ወታደሩ ቴሌግራሟን አነበበ። ኮፍያውን አውልቆ በሩን ከፈተልኝ። ከቤቴ ስወጣ ሚስቴ ያስያዘችኝ ሾርባ ይኸው እቅፌ ውስጥ አለ። ገና ይሞቃል። እስክትሞቺ ድረስ ይህ መንገድ የዓለም ዳርቻ ነበር። ስትሞቺ የሾርባ መንገድ ሆነ። ሆጃር፣ ለሞተ ብቻ የሚከፈት መንገድ ምን ዓይነት መንገድ ነው?»

እትዬ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ጥጡ ከፀጉራቸው በወንድማቸው ጥቁር ካባ ላይ ረገፈ። ሁለቱ አዛውንቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። አሁን ሴቶቹም የሚያለቅሱት ለማን እንደሆነ አወቁ።

ኦይዲን ሻርፕዋን ከፊቷ ገለጠች። ከስታለች። በአክስቷና በአባቷ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝ። አቀርቅሬ አላመለጥኩም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያን ሁሉ ዓመት የት እንዳስቀመጥኩት የማላውቀው ነገር በአንድ ጊዜ ወደ ደረቴ ተመለሰ።

* * *

የለቀስተኛ ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ወይን ሥር ሻይ ቀርቦ ጠሩኝ።

«አንተ ነህ ጋጋሪው?» አሉ ጋሽ ሐምዳም። «እኅቴን የገደልካት?»

«እ… እኔ…»

«አፍ የለውም» አሉ እትዬ። «አልነገርኩህም?»

ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሸሸ ብለው ይሆናል። ከግድግዳው የተሰቀለውን ዳቦ አውርጄ በነጭ ጨርቅ ይዤ ተመለስኩና ፊታቸው አኖርኩት። ሽማግሌው በአመልካች ጣታቸው የተነከሰውን ጠርዝ ዳሰሱት።

«ይህ ጥርስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባባ» አለች ኦይዲን።

«በሰው ቤት?»

አልተቆጡም። መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር፤ ድካም ነበር ፊታቸው ላይ።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «ጥላቻ አይደለም። ይህቺን እኅቴን ለዚህ ከተማ ስሰጥ መንገዱ አንድ ነበር። ያን ጊዜ በር የለም። አሁን ልጄን ብሰጥህ፣ ብትታመም በቴሌግራም ነው የምሰማው። ብትወልድ በቴሌግራም። የልጅ ልጄን ለማየት አንድ ሰው መሞት ሊኖርበት ነው። አልችልም። ሁለተኛ አልችልም።»

እውነታቸውን ነበር። ሻዬ ላይ አፍጥጬ ይህን አሰብኩ። እትዬ ሆጃር በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«እሷ አትምጣ» አልኩ።

የኦይዲን ፊት አመድ መሰለ፤ የተውኳት መሰላት። ቶሎ ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ እንደማልጀምር አውቃለሁ።

«እኔ እመጣለሁ። ምድጃ ሸክላና ጭቃ ነው፣ የትም ይሠራል። እዚህ ታናሽ ወንድሜ አለ፤ የአባቴን ማኅተም ለእሱ እተውለታለሁ። ጭሱ ለእርስዎ በሚታይዎት ቦታ እጋግራለሁ።»

«በየት በኩል ትመጣለህ? ለአንተ አንዲጃን የሚሞትልህ ዘመድ የለህም።»

«በረጅሙ።»

«ተራራውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«በክረምት መኪና ይውጣል። ካለፍከውም ሌላ ድንበር አለ፣ ከዚያ ሌላ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ልብህ ኦሽ መመለስ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨረሱ። እትዬ ሆጃር እያዩኝ ነበር። እኔ ስሄድ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ማን እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉኝ ዓይናቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ። «ሂድ። ሁለተኛ ስሞት ትመጣላችሁ።»

* * *

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ኦይዲን እንደ ድሮው ዳቦ ልትወስድ ብቻዋን መጣች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ አልተለወጠም።

«ማኅተምህ ተጠገነ?» አለችኝ።

«ተሰብሮ አያውቅም።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንድትናገር ነበራ!» አለች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «ባህሮም፣ አንዲት ነገር ብትለኝ ኖሮ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር!»

«ጠብቂኝ» አልኳት።

ቃሉ አጭር ነው። ያን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደከበደኝ አሁን ይገርመኛል። ኦይዲን ግን ረጅም ንግግር እንደሰማች ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

የተሰቀለውን ዳቦ ሰጠኋት፤ ተመልሳለችና ትጨርሰው ዘንድ ይገባል። ጠርዙን ሰብራ ሻይ ውስጥ ነከረችና በላች። እስኪለሰልስ ብዙ ቆየ። ግማሽ ጨረቃው ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ይህን አልጨርሰውም» አለች። «ከጨረስኩት መንገዴ አለቀ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አልደረስኩም። ረጅሙን መንገድ ይዘኸው ና። አንዲጃን እጨርሰዋለሁ።»

«ይደርቃል።»

«ጥርስ አለኝ።»

መኪናው መጣ። እትዬ ሆጃር ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልለው ለወንድማቸው አስያዙ። ተሳሳሙ፤ እንደገና ተሳሳሙ። ጋሽ ሐምዳም አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ቆሙ። ጥቅሉን ፈቱና አንዱን ዳቦ አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ንከስ» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ጫፉን ንከስ እላለሁ። እመጣለሁ ያልከው እውነት ከሆነ ቤቴ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ለዚያ ለጎረቤቴ ሽማግሌዎቹን አትላክ እለዋለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ የሰው ዳቦ አለ። አይጥ እስኪያገኘው ድረስ ብቻ።»

ነከስኩ። ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ። ጣዕሙን አላስታውስም፤ እንባዬ ጨው ጨምሮበት ይሆናል። ኦይዲን ዳቦውን ከአባቷ እጅ ተቀብላ፣ የተነከሰውን ቦታ በመዳፏ ሸፍና፣ እቅፏ ውስጥ አስገባችው። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ከዚያው ምድጃ ከወጣው ዳቦ አንዱን እኔም በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ያዝኩት። ወይኑ ሥር ከእትዬ ሆጃር ጋር ተቀመጥን። አንዳንዴ እጄን አስገብቼ እዳስሰዋለሁ። በጣም ይሞቃል፤ በሩ ጋ ናቸው። ይሞቃል፤ በሩ ተከፍቶላቸዋል፣ በጥጥ ማሳው መካከል እየሄዱ ነው። ለብ ብሏል፤ አሁን ከመኪና እየወረደች ነው፣ አሁን አባቷ ሚስማር እየፈለጉ ነው።

«ደረሱ?» አሉኝ እትዬ።

«ደረሱ» አልኳቸው። ገና ለብ ያለ ነበር።

ግማሽ ጨረቃ ያለበትን ደረቅ ዳቦ በነጩ ጨርቅ ቋጠርኩት። በእኔ መንገድ ዳቦ ይደርቃል። ይድረቅ።